ትዝታና ጥገና

አንድን ነገር እወዳለሁ የሚል ሰው መውደዱ በምን ይታወቃል? ነገሩን በማስታወሱ ነው ወይስ ለነገሩ በሚያደርገው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከአገሩ ወጥቶ ለሚኖር ሰው ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። እኛ ስደተኞች ትዝታ ሞልቶ የተረፈን ሰዎች ነን። ቡና ሲፈላ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ለቅሶ ስንቀመጥ፣ በታክሲ ተራ ቆመን ተሳፋሪ ስንጠብቅ ሳይቀር ወሬያችን የትናንቱ ነው። ይህ ሁሉ ትዝታ ግን ከምናስታውሳቸው ነገሮች አንዱን እንኳ ከመፍረስ አድኖ ያውቃል ወይ?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ በዛሬው ጽሑፌ ለመመርመር የፈለግሁት ምናልባት በማትጠብቁት በኩል ነው። ይኸውም ትንንሽ የእንፋሎት ባቡር በእጃቸው ሠርተው በሚነዱ ሰዎች ማኅበር በኩል ነው። ነገሩ የሽማግሌዎች ጨዋታ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ ግን እኛንም የሚነካ ቁም ነገር እንዳለበት ለማስረዳት እሞክራለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በልትስቪል ለምንኖር ሰዎች ባቡር ጎረቤታችን ነው። ሌሊት ከሥራ ስንመለስ የጭነቱ ባቡር ጡሩንባ ይቀበለናል፤ ጠዋት ደግሞ የሥራ ሰዎች ከምዩርከርክ ጣቢያ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ባልቲሞር ይሳፈራሉ። ይህ ሐዲድ የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር ኩባንያ በ1835 የከፈተው የዋሽንግተን መስመር ነው። ሰፈራችንም ስሙን ያገኘው ሐዲዱ በመሬቱ ላይ ካለፈበት ትሩማን ቤልት ከሚባል የትምባሆ ገበሬ ነው። በ1844 ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር ያንን ዝነኛ የቴሌግራፍ መልእክት ሲልክም ሽቦው የተዘረጋው ይህንኑ ሐዲድ ተከትሎ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1830፣ ፒተር ኩፐር የሚባል ሰው አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ሠርቶ በዚሁ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ነዳት። በጊዜው ፉርጎ የሚጎተተው በፈረስ ስለነበር፣ የኩባንያው ሹማምንት እንፋሎት ጠመዝማዛውን መንገድ ይችለዋል ብለው አላመኑም ነበር። ኩፐር ያሳያቸው በትንሽ ማሽን ነው። ከትንሽነቷም የተነሳ በእንግሊዞች ተረት አውራ ጣት በምታህለው ሰው ስም ቶም ተም ተባለች። የሚያሳዝነው ዋናዋን ማሽን ጠብቆ ያቆየ ሰው አልነበረም። ዛሬ በባልቲሞሩ የምድር ባቡር ሙዚየም የምትታየው በ1927 ለኩባንያው የመቶ ዓመት በዓል እንደ አዲስ የተሠራች ምሳሌዋ ናት። ስሟን ሁሉም ያስታውስ ነበር፤ ብረቷን ግን ማንም አልጠበቀም።

እንግዲህ ወደ ማኅበሮቹ ልምጣ። በ1898 ፐርሲቫል ማርሻል የሚባል እንግሊዛዊ "ሞዴል ኢንጂነር" የተሰኘ መጽሔት በለንደን ማሳተም ጀመረ። በዚያው ዓመት የመጽሔቱ አንባቢዎች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ይሠራበት የነበረውን ኩባንያ የስም መነሻ ፊደላት የብዕር ስም አድርጎ፣ ኤል.ቢ.ኤስ.ሲ. እየተባለ ለአርባ ዓመት ያህል ጻፈ። ይህ ሰው በድንጋይ ከሰል የምትነድ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ባቡር ሙሉ ሰው ልትጎትት እንደምትችል በተግባር አሳየ። ከዚያም ማንኛውም በእግር የሚረገጥ ቶርኖ ያለው ተራ ሠራተኛ ሊከተለው በሚችል ቋንቋ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አስተማረ። መምህር ለነበርኩት ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ዕውቀቱን ደብቆ አልሞተም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚህ በአሜሪካም በማሳቹሴትስ ግዛት የእንፋሎት ወዳጆች ወንድማማችነት ማኅበር ተመሠረተ፤ ከዚያም ክበቦቹ በየግዛቱ ተራቡ።

በእኛ አካባቢም ሁለት ልጥቀስ። በባልቲሞር ሊከን ፓርክ ውስጥ ቼሳፒክና አሌጌኒ የሚል ስም ያለው የእንፋሎት ባቡር ማኅበር አለ። በሞቃቱ ወራት፣ በወሩ ሁለተኛ እሑድ፣ አባላቱ በራሳቸው እጅ የሠሯቸውንና የሚጠግኗቸውን ትንንሽ ባቡሮች አስነስተው የመጣውን ልጅ ሁሉ ያለ ክፍያ ያሳፍራሉ። በዊተን ፓርክ ልጆቻችንን ከምናሳፍርበት ትንሽ ባቡር የሚለየው ይህ ነው፤ የዊተኑ በቲኬት የሚሠራ የመዝናኛ አገልግሎት ሲሆን የሊከን ፓርኩ ግን የማኅበርተኞች የእጅ ሥራ ነው። ሁለተኛው በቨርጂኒያ በኩል ያለው ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይሄድ የነበረው የዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚኒየን ባቡር በ1968 ሥራ አቆመ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ዛሬ ብዙዎቻችን በእግርና በብስክሌት የምንሄድበት መንገድ ሆነ። በዚህ መንገድ ዳር በቪየና ከተማ የቀረውን አሮጌ ጣቢያ የሰሜን ቨርጂኒያ የሞዴል ባቡር ክበብ ቤቱ አድርጎታል። ውስጡ ሲገቡ የሰሜን ካሮላይና ተራሮች፣ ድልድዮችና ጣቢያዎች በትንሹ ተሠርተው ይታያሉ።

እነዚህ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ምን እንደሚሠሩ ቀርቦ ያየ ሰው ጨዋታ ነው የሚለውን ቃል ቶሎ ይተወዋል። ባቡር ነድቶ የሚውለው ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው አመድ ይጠርጋል፣ ጎማና ብሎን ይፈትሻል፣ ዝናብ ያጠበውን ጠጠር ከሐዲድ ሥር መልሶ ይሞላል። ቦይለሩ ደግሞ በየጊዜው ይፈተናል። አፈታተኑም ቦይለሩን ጢም አድርጎ በቀዝቃዛ ውኃ መሙላትና ከሚሠራበት በላይ በሆነ ግፊት መጫን ነው። ለምን በእንፋሎት አይፈተንም ብትሉ፣ ውኃ ሲጫኑት እምብዛም አይታመቅም፤ ስለዚህ ብረቱ ደካማ ቢሆን ውኃው ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም። የታመቀ እንፋሎት ግን ሰው ይገድላል። ሞተሩ እየሠራ ሳለም ነጂው ዓይኑን ከውኃ መለኪያው መስተዋት አያነሳም፤ ውኃው ከእሳቱ ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻውም አደጋ ነው። ብረት ምክንያት አይሰማም። ትናንት ምን ያህል እንደወደድከው አይጠይቅህም፤ ዛሬ ውኃ ሞልተህ እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቅህ።

ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከሚያስገርሟቸው ነገሮች አንዱም እዚህ አለ። አንድን ባቡር በቁመት ወደ ስምንተኛው ብናሳንሰው የገጹ ስፋት ወደ 64ኛው፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 512ኛው ይወርዳል። እሳትና ውኃ ግን አብረው አያንሱም፤ ጢሱ ለመውጣት፣ ውኃው ለመፍላት የሚፈልገውን ያህል ቦታ ይፈልጋሉ። በትልቁ ቦይለር ውስጥ ያሉትን ቱቦዎች እንዳሉ በቁጥር ጠብቆ ያሳነሰ ሰው ጥላሸት የሚዘጋው፣ እንፋሎት የማይሰጥ ዕቃ ይሠራል። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ቱቦዎቹን ቀንሶ ሰፋ ያደርጋቸዋል። ትንሹን በሕይወት ለማቆየት ትልቁን በሚገባ ማወቅ ግድ ነው፤ መልኩን መቅዳት አይበቃም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ባቡር ልለፍ። አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው ቆመ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። በገንዘብና በፖለቲካ ጣጣ ብዙ ዓመት ከዘገየ በኋላ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሐዲድ ነበር። ላጋር የሚለው የሰፈር ስም፣ ፉርጎ የሚለው ቃል፣ የድሬዳዋ ሰው ፈረንሳይኛ፣ ይህ ሁሉ የዚያ ባቡር ልጅ ነው።

የባቡሩ ነፍስ ግን የላጋር ሕንፃ አልነበረም፤ የድሬዳዋው የጥገና ወርክሾፕ ነበር። የተሰበረ ዕቃ የሚቀለጠው፣ በቶርኖ የሚላገው፣ የሚሞረደው፣ የሚበየደው እዚያ ነው። ልጅ ሆኖ ገብቶ በጡረታ የሚወጣ፣ ከአባቱ እጅ የተማረ ባለሙያ በዚያ ነበረ። ጥገናና ጥንቃቄ ሲላላ ምን እንደሚመጣም ይኸው መስመር አሳይቶናል፤ በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በመጨረሻም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግድም ቀጥ አለ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመረቀ፤ በ2018 መደበኛ አገልግሎቱን ሲጀምር ግን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። የመቶ ዓመት የባቡር አገር ሆነን ሳለ እንደ አዲስ ተማሪ ከሀ መጀመራችንን ልብ በሉ። በእርግጥ የእንፋሎቱና የኤሌክትሪኩ ሙያ ይለያያል። ሐዲድን የመፈተሽ፣ ሰዓትን የማክበር፣ የተሰበረን ዕቃ ዛሬውኑ የማንሳት ባህል ግን አንድ ነው፤ ከአዛውንት ወደ ወጣት ሊሻገር ይችል ነበር።

ስለ ባቡሩ ትዝታ አጥተን ነው እንዳይባል ትዝታስ ሞልቷል። የላጋር ፎቶግራፍ ያልተሰቀለበት የኢትዮጵያ ምግብ ቤት እዚህ አካባቢ ብትፈልጉ ላይ ታች ማለት ይኖርባችኋል። አባቱ በድሬዳዋው ወርክሾፕ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ የማውቀው ሰው አለ። አባቱ ሲሞት ልጆቹ በሥራ ልብሱ የተነሳውን ፎቶግራፍ አሳድገው በክብር ሰቀሉ። ሞረዶቹን፣ መለኪያዎቹንና በገዛ እጁ የሠራቸውን መፍቻዎች ግን በኪሎ ሸጧቸው። ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ምን ሊያደርጉበት? አንዳቸውም አጠቃቀሙን አያውቁም። ከሁለቱ አባትየውን የትኛው ነበር የያዘው፣ ፎቶግራፉ ወይስ ሞረዱ? የሚለው ጥያቄ ግን ከሰማሁት ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለንጽጽር ያህል ከጎረቤት ልጥቀስ። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ብረቱ ለምሽግ መሥሪያ ውሎ ነበር። ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ሐዲዱ እንደገና ሲዘረጋ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የቀድሞ ሠራተኞች ከጡረታ ተጠርተው መጡ። ከየምሽጉ የተለቀመው ብረት ተመልሶ ተነጠፈ፤ አሮጌዎቹ የእንፋሎት ሞተሮችም ተነስተው በ2003 ባቡሩ አስመራ ደረሰ። ስለ ፖለቲካው እያንዳንዳችን የየራሳችን አቋም ሊኖረን ይችላል። እዚህ ላይ ማየት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚያ ሽማግሎች የነበራቸው የእጅ ዕውቀት ባይኖር ኖሮ የአገሩ ሁሉ ትዝታ ተደምሮ አንድ ብሎን አያጠብቅም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሱ ሁለት ተቃውሞዎች ይታዩኛል፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው "ይህ የጥጋበኛ ሥራ ነው" የሚል ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ የቤት ኪራይና የአገር ቤት ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ቅዳሜውን ለማይጠቅም ነገር እንዴት ይሰጣል? በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጬ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህን ተቃውሞ ከማንም በላይ እረዳዋለሁ። ነገር ግን እኛም ለማይጠቅም ነገር ጊዜ እንሰጣለን፤ ስንት እሑድ ከሰዓት በክርክር ያልቃል? ከዚህም ሌላ ጥገና የግድ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በቀኑ መገኘትን ነው። ታክሲ የሚነዳ ሁሉ ይህን ያውቃል። መኪናውን የሚወድ ሾፌር የሚታወቀው ስለ መኪናው በሚያወራው አይደለም፤ ዘይት መቀየሪያው ቀን ሲደርስ፣ ገበያው ደርቶም ቢሆን፣ ቆሞ በመቀየሩ ነው። አባቶች ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ያሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። ያለፈውን አሳምሮ መጠበቅ ያለፈውን መዋሸት አይሆንም ወይ? ቨርጂኒያ በ1900 ጥቁርና ነጭ ተሳፋሪዎች በተለያየ ፉርጎ እንዲቀመጡ ሕግ አውጥታ ነበር። በመኝታ ፉርጎዎች ያገለግሉ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን በ1925 ከኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ጋር ሆነው ማኅበር እስኪያቋቁሙ ድረስ፣ ብዙ ተሳፋሪ በስማቸው እንኳ አይጠራቸውም ነበር። ከዚያ ዘመን ጣቢያ አንዱን በትንሹ ሠርቶ ለጥቁሮች የተለየውን በር ያስቀረ ሰው ጣቢያውን አልሠራም፤ ጌጥ ነው የሠራው። የእኛም እንደዚሁ ነው። የላጋርን ውበት እያነሳን ያንን ሐዲድ በበረሃ ሐሩር ሲዘረጉ የወደቁትን ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞችና የአዋሹን እልቂት ከዘለልን፣ የምንጠብቀው ባቡሩን ሳይሆን የራሳችንን ምኞት ነው። እንዲያም ሆኖ ይህ ተቃውሞ ከጥገና ይልቅ ትዝታን የሚጎዳ ይመስለኛል። ትዝታ የተሰነጠቀውን ቦታ ሊዘልለው ይችላል። የሚጠግን ሰው ግን ስንጥቁን ፈልጎ ካላገኘ ሥራውን መጀመርም አይችልም።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥበብ ነው የሚል ካለ ደግሞ እድርን ያስታውስ። እድር ዕቃ አለው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ። ለቅሶው ሲያበቃ እንባው ሳይደርቅ ዕቃው ይቆጠራል። የጎደለው ይተካል፣ የተቀደደው ድንኳን ይሰፋል፣ ያልመጣ አባል ይቀጣል። ልጅ ሳለሁ በሐዘን ቤት ሰሃን መቁጠር ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ የተደረገ ፍቅር ነው። እድርን ያህል ዕድሜ ያገኘ ማኅበር በመካከላችን እምብዛም የለም፤ አንዱ ምክንያትም ይህ ቆጠራ ይመስለኛል። አባላቱ በሐሳብ ቢለያዩ እንኳ ድንኳኑ መሰፋት አለበት። በዚህ አገር ብዙ ማኅበሮቻችን ተመሥርተው፣ ተከራክረው፣ ለሁለት ተከፍለው ሲጠፉ አይተናል። ብዙዎቹ ንግግርና ትዝታ ነበራቸው፤ በየቅዳሜው መጠገን ያለበት የጋራ ዕቃ ግን አልነበራቸውም።

ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብም እዚህ ላይ ልመለስ። እዚህ ያለነው ትንሿ ኢትዮጵያ የትልቋ ቅጂ ልትሆን አትችልም። አገር ቤት ያለውን ሁሉ በቁጥሩ ጠብቀን አሳንሰን እናምጣው ብንል ቱቦው በጥላሸት ይዘጋል፤ ልጆቻችንም እንፋሎቱ የማይደርሳቸው ተመልካች ይሆናሉ። የትኛው ቱቦ ይቀነስ፣ የትኛው ይስፋ ብሎ መወሰን ግድ ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው። ቋንቋን የሚያቆየው ስለ ቋንቋ ውበት የሚናገረው አይደለም፤ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ሰብስቦ ፊደል የሚያስቆጥረው ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማሳስበው ቀላል ነገር ነው። በቤተሰባችሁ በምድር ባቡር የሠራ፣ ጥበብ የሸመነ፣ ብራና የዳመጠ፣ ብረት የቀጠቀጠ አዛውንት ካለ በዚህ ሳምንት ደውሉለት። "ያ ዘመን እንዴት ነበር?" ብላችሁ አትጠይቁት፤ እንዴት ነበር የምትሠራው፣ በምን መሣሪያ፣ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ፣ ሲበላሽስ ምን ታደርጋለህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ድምፁንም ቅዱ። መሣሪያ ካለው ከመሸጡ በፊት አጠቃቀሙን ለአንድ ልጅ ያሳይ። ልጆች ያላችሁም የባልቲሞሩ ባቡር በሚነሳበት እሑድ ወስዳችሁ ካሳፈራችኋቸው በኋላ ቶሎ አትመለሱ። ጉዞው አልቆ እሳቱ ሲወጣ፣ አመዱ ሲጠረግ፣ ዘይቱ ሲቀባ ቆመው ይዩ። ማኅበር የምትመሩ ወገኖቼም በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ በእኛ እጅ ያለው፣ ካልጠገንነው የሚፈርሰው ነገር ምንድን ነው? ተረኛውስ ማን ነው?

ቸር ይግጠመን።